የመርዝ ቅርጫ

ሐረር ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል በሆድ ሕመምተኛነት ታውቄአለሁ። ሆዴን ግን፣ ከአንዲት ሳምንት በቀር፣ አሞኝ አያውቅም። የታመመው እጄ ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከሸዋ ተመድቤ ሐረር የገባሁት በወጣትነቴ ነው፤ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብዬ መጥቼ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። ከሚሊኒየሙ በዓል አምስት ስድስት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሰሌዳው ላይ የስምጥ ሸለቆን ካርታ እየሳልኩ ሳለ ቀኝ ጎኔ ከዳኝ። መጀመሪያ ጠመኔው ወደቀ፤ ቀጥዬ እኔ ወደቅኩ። የዕለቱ ትምህርት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስለነበር ተማሪዎቼ በተግባር እያሳየኋቸው መስሏቸው አጨበጨቡ። በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። የሰፈራችን ሴቶች ምች ነው አሉ። ባለቤቴ ደግሞ «ስትቆጣ ኖረህ ኖረህ ቁጣህ ፈነዳ» አለች። ወራት ሲያልፉ እግሬ እየተጎተተም ቢሆን መሄድ ጀመረ፤ የተጣመመው አፌም ተቃና። በዚህ በሁለተኛው እንኳ ባለቤቴ ብዙ የተደሰተች አይመስለኝም። ቀኝ እጄ ግን የራሱን መንገድ ያዘ። ክርኑ እየታጠፈ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ እየተጠቀለሉ ሄዱና ጡጫ ሆኖ ደረቴ ላይ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔ እጅ ምንም ሳይዝ አለቅም አለ።

እውነት ለመናገር ጡጫው ጥቅም አልነበረውም ማለት አልችልም። ባጃጅ ተራ ላይ ሰው ቦታ ይለቅልኛል፤ በቁጣው የሚታወቅ ሰው ጡጫውን ደረቱ ላይ ይዞ ሲመጣ ማን ይከራከረዋል? የድሮ ተማሪዎቼም ሰላም ሊሉኝ ሲጠጉ እጄን ያዩና እነሱም ጡጫቸውን አቅርበው ያጋጩኛል፤ የዘመኑ ወጣት ሰላምታ ነው። «ቲቸር ዘመናዊ ሆነዋል!» ይላሉ። እኔም ከፈላና በር እስከ ገበያ ጡጫ ስጋጭ እውላለሁ።

የከበደኝ ምግብ ነው። በእኛ አገር በግራ እጅ አይበላም። ክርስቲያኑም አይበላ፣ እስላሙም አይበላ፤ ሐረር ውስጥ በዚህ የሚከራከር አላየሁም። አባቴ በልጅነቴ ግራ እጄ ወደ ትሪው ሲሄድ ካየ በያዘው ነገር ነበር የሚለኝ። እንግዲህ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደ ጠላት ከምግብ ሳርቀው የኖርኩትን እጅ ሰው ፊት ትሪ ውስጥ ልክተት? ማንኪያ ያዝ ያሉኝ ነበሩ። ማንኪያውንስ የሚይዘው ማን ነው? ያው ግራ ነው። ስለዚህ ለባለቤቴ «ምግቤን መኝታ ቤት አምጪልኝ፤ በሩንም ዝጊው» አልኳት። ልጆቻችን ሁሉም ቤት ይዘው ወጥተዋል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ሁለት ጊዜ «ከእኔ ምን ያሳፍርሃል?» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ተወችኝ።

የውጪው ግን በቁጣ የሚያልፍ አልሆነም። ለቅሶ ቤት ብሄድ ንፍሮ ይቀርባል፤ ማኅበር ብሄድ ትሪ ይቀርባል፤ ሠርጉንማ ተዉት። «ሆዴን አሞኛል፤ ምንም አይስማማኝም» ማለት ጀመርኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ውሸት እያደር ከበደ። ጎረቤቱ ሁሉ አዘነልኝ። አንዷ አብሽ በጥብጣ ላከች፤ ሌላዋ ተልባ፤ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉ የድሮ ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙድ በማር አምጥተው «ሳትጨርስ አልሄድም» አሉ። አንድ ክፉ ቀን ደግሞ የዕድራችን ሊቀመንበር ራሱ ቤቴ ድረስ ኮሶ ይዞ መጣ። እንዴት እምቢ ልበል? ጤነኛ ሆዴን ይዤ ኮሶ ጠጣሁ። በዚያ ሳምንት ግን ሆዴን በእውነት አሞኛል፤ ውሸታም አልተባልኩም።

የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በቀኝ እጄ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ብዬ ነበር። ጠመኔውም ይቅር፣ ካርታውም ይቅር።

በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ እሄድ ነበር። እዚያ ሁለት ወዳጆች አፈራሁ። አንደኛው ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። እሳቸውንም ያው የእኔው በሽታ መቷቸው ግራ እግራቸው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተረከዛቸው ከመሬት ተነስቶ፣ ጣቶቻቸው ተቆልምመው ቀርተዋል። ሲሄዱ እሾህ የረገጡ ይመስላሉ። «መምህር፣ መታመሙንስ አላህ ያመጣው ነው» ይሉኛል፤ «ሶላት ላይ ቀጥ ብዬ መቆም አለመቻሌ ነው ያንገበገበኝ።» ሁለተኛው ከጎጃም መጥቶ ሐረር የቀረ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነው። ይኼ ሰው ስንት ጦርነት ውሎ አንድም ጥይት ሳይነካው ወጥቶ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ራሱን ተመታ። ከዚያ ወዲህ ግራ ክንዱ ከክርኑ ታጥፎ አልዘረጋም ብሏል፤ ኮት መልበስ የሚችለው በአንድ እጁ ብቻ ነው። ድምፁ ግን ምንም አልሆነም። ክፍሉ ውስጥ የምንንቀሳቀሰው ሁሉ በእሱ ትእዛዝ ነበር።

በየሦስት ወሩ ከአዲስ አበባ አንዲት ሐኪም ወደ አንድ ክሊኒክ ትመጣለች ሲሉን ሦስታችንም ሄድን። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ናት። ክንዴን ዘርግታ፣ ልቀቅ ስትለኝ ተመልሶ ሲታጠፍ አየች፤ የሐጂን ባት ጨመቀች፤ የሃምሳ አለቃን ክርን ሳበች። ከዚያ ተቀመጠችና በደንብ አስረዳችን። ጡንቻችን ሳይታዘዝ እየተኮማተረ መሆኑን፣ የሚያላላው መርፌ መኖሩን፣ ጡንቻው ውስጥ ተወግቶ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚሠራ፣ ሦስት አራት ወር ቆይቶ እንደሚለቅ ነገረችን።

«ከምንድን ነው የሚሠራው?» አልኳት፤ መምህር ነኝ፣ ሳልጠይቅ አላልፍም።

«እውነቱን ልንገራችሁ ጋሼ፤ መርዝ ነው። ሲበዛ ይገድላል። እኛ የምንሰጠው ግን በጣም በጣም ትንሽ ነው።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአሳማ ነገር አለበት?» አሉ።

«እኔ እስከማውቀው የለበትም። ከባክቴሪያ ነው የሚገኘው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ደረታቸውን ይዘው። «መርዝ ብቻ ከሆነ ችግር የለም።»

ችግሩ ሌላ ነበር። ዱቄቱ የሚመጣው በትንሽ ብልቃጥ ነው፤ በጨው ውሃ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም፤ ለብቻው ልግዛው ቢልም አቅም አይፈቅድም። «ሦስታችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ከተገኛችሁ ግን አንድ ብልቃጥ ይበቃችኋል» አለች።

ሃምሳ አለቃ ከወንበሩ ተነሳ። «ይኼማ ቅርጫ ነው!» አለ።

ሐኪሟ ሳቀች፤ እኛ አልሳቅንም። በእርግጥም ቅርጫ ነበር። በሬው አንድ፣ ሰዉ ብዙ፣ ከታረደ በዚያው ቀን ማለቅ ያለበት። እኔ በመምህራኑ ቅርጫ ለስንት ዓመት ዕጣ ጣይ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነሳ ደሜ ይሞቃል። ሐጂ ግን ያሰላስሉ ነበር። ሐረር ውስጥ ከክርስቲያን ጋር ያልኖሩበት ቀን የለም፤ ለቅሶ አብረው ተቀምጠዋል፣ ሠርግ አብረው ውለዋል፤ ሥጋ ግን ሁሌም ለየብቻ ነው፤ የእነሱ በሬ ሌላ፣ የእኛ በሬ ሌላ። «በሰባ ዓመቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወላሂ በሰባ ዓመቴ ከክርስቲያን ጋር ቅርጫ ልገባ ነው!» ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሃምሳ አለቃ ማንም ሳይመርጠው ሰብሳቢ ሆነ። እዚያው ቁጭ እንዳልን ደንብ አወጣ። ሦስት እኩል መደብ ይሆናል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣ የሚጥለው ከውጪ የመጣ፣ የማንንም ምልክት የማያውቅ ሰው ይሆናል። እሱ ቁልፍ፣ እኔ ክብሪት፣ ሐጂ ጠጠር ይሰጣሉ።

«ይቅርታ አባቶቼ» አለች ሐኪሟ፤ «እኩል አይደለም የሚከፈለው። እንደ ጡንቻው ነው። የእግር ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ ከፍ ያለውን የሚወስዱት ሐጂ ናቸው።»

«ምን ማለት ነው ከፍ ያለ?» አለ ሃምሳ አለቃ።

«ይበዛል ማለት ነው።»

«ባቱ የወፈረ ብዙ ይበላል? ይኼ የማን አገር ቅርጫ ነው?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ከሃምሳ አለቃ ጋር ወገንኩ። «አንቺ ልጄ፣ ሦስት ሰው ካለ ሦስት መደብ ነው፤ ይህ የሂሳብ ጉዳይ ነው» አልኳት፤ ጡጫዬም በራሱ ጊዜ ትንሽ ወጣ አለ። ሐጂ «ከእኔ ላይ ቀንሳችሁ ለመምህር ጨምሩለት» ብለው ለመኑ። ሐኪሟ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ኋላ ክንዳችንንና እግራችንን እያሳየች፣ ጠብታ እየቆጠረች፣ ከልክ በላይ የገባበት ጡንቻ ከመላላት አልፎ እንደሚልፈሰፈስ አስረዳችን። «ጉበቱም ቢሆን እኩል አይደርስም» ብሎ በመጨረሻ ሃምሳ አለቃ ራሱ ተሸነፈ።

ልንወጣ ስንል እኔን ብቻዬን አስቀረችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ከዚህ መርፌ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ለሚስቴ እንኳ አፍ አውጥቼ ያልተናገርኩትን ነገርኳት። በቀኜ መብላት እፈልጋለሁ አልኩ።

ትክ ብላ አየችኝ። «ጣቶችዎ ይከፈታሉ፤ እጅዎ ይታጠባል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ጉልበት ግን አይሰጣቸውም። መከፈትና መያዝ ለየብቻ ነው፤ ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ» አልኩ። የሰማሁት «ይከፈታሉ» የሚለውን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጥያቄውን ግማሽ አንብበው የሚመልሱ ተማሪዎችን ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐኪሟ የክትባት በሚመስል የበረዶ ሳጥን ብልቃጡን ይዛ መጣች። ከሰዓት በኋላ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ትይዛለች፤ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ያለችን። ሦስታችንም ታጥበን፣ ንጹሕ ለብሰን ቀርበናል። ሐጂ ሽቶ ተቀብተዋል። ብልቃጡን አውጥታ ክዳኑን ልታነሳ ስትል እኔ «በስመ አብ» አልኩ፤ ሐጂ በዚያችው ቅጽበት «ቢስሚላሂ» አሉ። ተያየን። በሬ ቢሆን ኖሮ ያንን ሥጋ አንዳችንም አንበላውም ነበር። ሐኪሟ መርፌዋን አንስታ «ልቀጥል?» አለች፤ «ቀጥዪ፣ ተባርኳል» አሏት ሐጂ።

በጨው ውሃ በጠበጠችው፤ ቀስ ብላ አዟዟረችው እንጂ አልናጠችውም። መጀመሪያ ሐጂ ተኙ። ባታቸውን እየዳሰሰች አራት አምስት ቦታ ወጋቻቸው። «ትንኝ ናት» አሉ ሐጂ። ቀጥሎ የሃምሳ አለቃ ተራ ነው። «ሃምሳ አለቃ!» ብላ ጠራች። መልስ የለም። ኮሪደሩን አየሁ፤ ባዶ ነው። ጥበቃው፣ «ሽንት ቤት የት ነው ብሎኝ አሳየሁት፤ እሱ ግን በበሩ በኩል ወጣ» አለኝ።

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። «እሱ ካልመጣ ድርሻው ይደፋል» አለች። ከዚያ እጄን አየችና «ወይም… የእርስዎም ክርን በጣም ተኮማትሯል፤ አንጓውም። መጀመሪያ ያሰብኩት ለጣቶቹ ብቻ ነበር። የሱ ከተረፈ ለእርስዎ ልጨምረው እችላለሁ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥሩ ነገር ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ደስ አለኝ። ክርኔ ተዘርግቶ፣ አንጓዬ ተቃንቶ፣ እጄ ትሪ ላይ ሲደርስ ታየኝ። ወዳጄ የት ሄደ ብዬ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም።

ሐጂ ከተኙበት ቀና አሉ። «መምህር፣ ሂድና ፈልገው። የሰው መደብ ነው።»

ሄድኩ። የሄድኩት ግን ፈልጌዋለሁ ለማለት ያህል ነው፤ ይኼንንም ልደብቅ አልፈልግም። ባጃጅ ይዤ ግንቡን ዞሬ ወደ ኤረር በር ስወርድ በልቤ «እባክህ እንዳላገኘው» እያልኩ ነበር። የሐረር ቅዱሳንን በሙሉ ስም ጠርቼ የለመንኩት ስለዚያ ነው። ሃምሳ አለቃ ግን የሚገኝበት ቦታ አንድ ነው። በሩ አጠገብ፣ ማገዶና ማንጎ ከሚሸጡት ሴቶች ጎን፣ ግንቡን ተደግፎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ለውዝ ይፈለፍላል። ቅዱሳኑ አልሰሙኝም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

ቀና አላለም። «መርፌዋን አየሃት?» አለኝ። «ርዝመቷን አየህ?»

«አንተ የጦር ሜዳ ሰው አይደለህም እንዴ!»

«ጥይት ሲመጣ አይታይህም» አለ። «መርፌ ግን እያየሃት ነው የምትመጣ።» ለውዙን ከእጁ አራገፈ። በዚያ ቅጽበት አሳዘነኝ፤ ግን ያዘንኩትን ያህል ቸኩዬም ነበር።

«እንግዲያው ተወው» አልኩት። «የሰው ልጅ በግድ አይወጋም። ለማንኛውም ያንተን መደብ ለእኔ ሊጨምሩልኝ ነው።»

«የማንን?»

«ያንተን።»

ሃምሳ አለቃ ከድንጋዩ ተነሳ። አንዲት ማንጎ ሻጭ ደንግጣ ቅርጫቷን ሳበች። «እኔ ሰብሳቢው እያለሁ?» አለ። «የእኔን መደብ? አንተ? ትሞታታለህ እንጂ አትበላትም!» ይህን ብሎ እኔን ጥሎ ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ እኔ እግሬን እየጎተትኩ ስደርስ «ንዳው!» እያለ ሹፌሩን ያዋክበው ነበር።

ኋላ ወዳጆቻችን ሁሉ «እንዴት ያለ ዘዴ ነው!» ብለው አመሰገኑኝ። ብልህ ተባልኩ። ዘዴ አልነበረም፤ የምሬን ነበር የተናገርኩት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃ ዓይኑን ጨፍኖ በደህና እጁ ጡጫዬን ያዘ። ሲወጋ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ሁሉም አልቆ መርፌው ተጥሎ ጥጥ ሲደረግለት ግን ራሱን ሳተ። በመጨረሻ የእኔ ተራ ሆነ። ሐኪሟ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነቃነቀች፣ ክንዴ ላይ ጡንቻውን እየፈለገች ወጋችኝ። የደረሰኝ የራሴ መደብ ብቻ ነው። መድኃኒቷ አንዲት ጠብታ ሳትተርፍ አለቀች፤ ሐጂ ባዶውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ማሻአላህ፣ ፍትሐዊ ቅርጫ!» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ማታ እጄን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አፈጠጥኩበት። ምንም የለም። በማግስቱም የለም። በሳምንቱ ባለቤቴን «አጭበርብራናለች» አልኳት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ እንደ ወትሮው ጨርቅ ይዛ ጡጫዬን ዳር ዳሩን ልትጠርግ መጣች። ከዚያ አልፋ እንድትነካው አልፈቅድላትም ነበር፤ ሊከፍቱት ሲሞክሩ ያመኝ ነበር፣ ሽታውም ያሳፍረኝ ነበር። ትንሿን ጣቴን ስትነካት ጣቲቱ ዝም ብላ ተከተለቻት። ሁለታችንም ደነገጥን። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ፣ ቀጥሎ የመሐሉ። ሁለት ዓመት ያላየሁት መዳፌ ነጥቶ፣ ተላልጦ፣ አራት የጥፍር ቁስል ይዞ ብቅ አለ። ባለቤቴ ለብ ባለ ውሃ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው፤ በየጣቶቹ መሐል እየገባች፣ አራስ ልጅ እንደምታጥብ። ታለቅስ ነበር። «ምን ያስለቅስሻል፣ እጅ አላየሽም?» ብዬ ተቆጣኋት። እኔም እንዳላለቅስ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ደወሉ። «መምህር! ዛሬ ንጋት ሱብሒ ሶላት ላይ ስቆም ተረከዜ መሬት ነካ። ወላሂ፣ መሬቱ ቀዝቃዛ መሆኑን ረስቼው ነበር!» ሃምሳ አለቃ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ፣ ሁለቱንም እጅጌ ሞልቶ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ዞረልኝ። ከፊት አየሁት፣ ከኋላ አየሁት። ላቡ ይንቆረቆራል፤ አላወልቅም አለ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴን ቀይ ወጥ እንድትሠራልኝ ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ብቻዬን ልለማመድ፣ ከዚያ በኋላ ወጥቼ ሰው ፊት ልቀርብ ነበር ሐሳቤ። እንደ ልማዴ ምግቡን መኝታ ቤት አስገባችልኝ፤ በሩን ዘጋችልኝ።

ቀኝ እጄን ግራዬ አንስቶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። ጣቶቼ እንጀራው ላይ ተዘርግተው ተኙ። «ያዙ» አልኳቸው። አልያዙም። አውራ ጣቴን ወደ ሌሎቹ ገፋሁት፤ እንጀራው ከመሐላቸው አምልጦ ወጡ ውስጥ ገባ። እንደገና ሞከርኩ። ሸሚዜ ተነካ፣ የአልጋው ልብስ ተነካ። የዱሮው ጡጫ አይከፈትም ነበር፤ የአሁኑ እጅ ደግሞ አይጨብጥም። ሃያ ጊዜ ያህል ከሞከርኩ በኋላ ሐኪሟ የነገረችኝ ሁለተኛው ግማሽ፣ ያልሰማሁት፣ ቃል በቃል መጣልኝ። መከፈትና መያዝ ለየብቻ ነው።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። የምጮህበት ሰው ፈለግኩ። ቤት ውስጥ ያለችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ሸሚዜን እንደተጨማለቀ፣ በሩን በእግሬ ከፍቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቴ የውሃ በርሜሉ ክዳን ላይ ሳህን አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ቆማ ትበላለች። ቶሎ ቶሎ፣ ሰው እንደሚጠብቀው። ስታየኝ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አደረገችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ልጮህ የመጣሁትን ረሳሁት። «ለምን ቆመሽ ትበያለሽ?» አልኳት።

«እንዲሁ ነው።»

«ወንበር ጠፋ?»

ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ተወችው። «ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ስቀመጥ አልወርድ ይለኛል» አለች። «ቆሜ ከሆነ ሥራ ላይ ያለሁ ስለሚመስለኝ ይወርዳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ በሩን ከዘጋህ ጀምሮ።»

ሁለት ዓመት ሆኗል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማን ያየኛል ብዬ፣ ምን ይሉኛል ብዬ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዕድር ስጨነቅ፣ ከግድግዳው ማዶ ማን ከማን ጋር ይበላል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ የተቀጣችው እሷ ናት። አፈርኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለ እጄ አልነበረም።

ማድ ቤት ውስጥ ካሉት ዱካዎች አንዱን በእግሬ ስቤ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄን አንስቼ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት። ተዘርግቶ ዝም ብሎ ተኛ፤ ሳህኑ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ክብደቱ ይበቃል። ከዚያ በግራ እጄ ቆረስኩ፣ አጠቀስኩ፣ ጎረስኩ። ወጡ በአገጬ ወረደ። እሷ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ምንም።» ዓይኗን ወደ ሳህኑ መለሰች። «ጨው በዛ ይሁን አነሰ የሚነግረኝ አጥቼ፣ ሁለት ዓመት በግምት ነው የሠራሁት» አለች።

አጣጣምኩት። «አንሷል» አልኳት።

ጨው አመጣችና ነሰነሰች፤ ከዚያ ሌላ ዱካ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።